«ቀላል ነው» የተባለ የሂማላያ የጫካ ጉዞ ለእናንተ ቀላል መሆኑን እንዴት ታጣራላችሁ?

ጥያቄው በተለያየ ቃል ይመጣል እንጂ ነገሩ አንድ ነው። «ኔፓል ውስጥ አራት ቀን የሚፈጅ የጫካ ጉዞ አለ፤ ቀላል ነው ይላሉ፤ እችለዋለሁ?» ከእስራኤል የሚጠይቁኝ ወታደርነታቸውን የጨረሱ ልጆች ናቸው። ከገልፍ አገሮች ደግሞ ኔፓላዊ የሥራ ባልደረባ ያላቸው። ሰሞኑን የጠየቀችኝ ዶሃ የምትሠራ እህታችን ናት። የ58 ዓመት እናቷን ከአዲስ አበባ አስመጥታ አብረው ሊሄዱ አስባለች። እናት ጉልበታቸውን አልፎ አልፎ ያማቸዋል። «ለእኔስ ግድ የለም፤ የፈራሁት ለእማዬ ነው» አለችኝ። ቁጥሮቹን አብረን ስናሰላ ነገሩ ተገለበጠ። እንዴት እንደተገለበጠ እግረ መንገዴን አሳያችኋለሁ።

ምሳሌዬ ከፖካራ ከተማ ተነስቶ በአናፑርና ጥብቅ ቦታ ውስጥ የሚያልፈው የጎሬፓኒና ፑን ሂል መስመር ነው። «ለጀማሪ» ከሚባሉት ሁሉ የታወቀው እሱ ነው። አሠራሩ ግን ለሌላ መስመርም ይሆናል። ሰዓት የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው።

ለማጣራት የሚያስፈልጓችሁ

- የጉዞው ዕለታዊ ዝርዝር፣ የመንደሮቹ ስምና ከፍታ ያለበት
- የዳገቱንና የቁልቁለቱን ቅርጽ የሚያሳይ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ የስልክ ካርታ
- ወረቀትና እስክሪብቶ
- የጉዞ ኢንሹራንሱ ሙሉ ጽሑፍ (ማስታወቂያው አይበቃም)
- ከ6 እስከ 8 ኪሎ የሚመዝን የጀርባ ቦርሳና ፎቅ ወይም ዳገት፣ ለሙከራ

ደረጃ 1፦ «ቀላል» የሚለውን ትታችሁ ለእያንዳንዱ ቀን አራት ቁጥር ጻፉ

ርቀት፣ ዳገት፣ ቁልቁለት፣ የምታድሩበት ከፍታ። ምክንያቱም «ቀላል» ተብሎ የሚጻፈው ስለ ጠቅላላ ጉዞው ነው። ሰው የሚወድቀው ግን በአንዱ ከባድ ቀን ነው። ምሳሌያችን ይህን ይመስላል፦

- ቀን 1፦ ከናያፑል (1,070 ሜትር) እስከ ቲኬዱንጋ (1,540 ሜትር ገደማ)
- ቀን 2፦ ከቲኬዱንጋ በኡሌሪ በኩል እስከ ጎሬፓኒ (2,860 ሜትር)
- ቀን 3፦ ንጋት ላይ ፑን ሂል (3,210 ሜትር) ደርሶ መልስ፣ ከዚያ ታዳፓኒ (2,630 ሜትር)
- ቀን 4፦ ከታዳፓኒ ወደ ጋንድሩክ (2,000 ሜትር ገደማ)፣ ከዚያ በመኪና ፖካራ

ቀን 1 ሽርሽር ነው። ቀን 2 ግን ከ1,300 ሜትር በላይ ዳገት ነው። ከቲኬዱንጋ እስከ ኡሌሪ ብቻ ከ3,000 በላይ የድንጋይ ደረጃ አለ። ጉዞውን የምትመዝኑት በዚህ ቀን ነው።

ጥንቃቄ፦ የመነሻውንና የመድረሻውን ከፍታ ቀንሳችሁ «ዳገቱ ይህን ያህል ነው» አትበሉ። ቀን 3 በወረቀት ላይ 230 ሜትር መውረድ ብቻ ይመስላል። እውነታው ግን ቁርስ ሳይበላ 350 ሜትር መውጣትና መውረድ፣ ቀጥሎ በመንገዱ ላይ ወዳለው ዴኡራሊ የተባለ የተራራ ማለፊያ እንደገና መውጣት፣ ከዚያ ረጅም ቁልቁለት ነው። ስለዚህ ቁጥር ብቻ ሳይሆን የመንገዱን ቅርጽ እዩ።

ደረጃ 2፦ ሰዓቱን ራሳችሁ አስሉ

ለየ5 ኪሎ ሜትሩ 1 ሰዓት። ለየ600 ሜትር ዳገቱ ሌላ 1 ሰዓት ጨምሩ። ድምሩ ላይ ግማሹን መልሳችሁ ደምሩበት፤ ለሻይ፣ ለምሳ፣ ለፎቶና ለትንፋሽ።

ቀን 2ን 10 ኪሎ ሜትር ብንለው 2 ሰዓት ነው። ዳገቱ ከ2 ሰዓት በላይ ይጨምራል። 4 ሰዓት ከምናምን ሆነ። ከግማሹ ጋር ከ6 ሰዓት በላይ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት የተነሳ ሰው 8 ሰዓት ተኩል አካባቢ ይደርሳል። ጥሩ ነው፤ እስኪመሽ ጊዜ አለ። አምስት ሰዓት ላይ እየተዝናና የሚነሳ ግን የመጨረሻውን ጫካ በድንግዝግዝ ነው የሚያልፈው።

በስሌታችሁ ከ8 ሰዓት በላይ ጉዞ የሚወጣው ቀን ካለ ያ ጉዞ ለጀማሪ ቀላል አይደለም። ያን ቀን ለሁለት የሚከፍል መንደር ፈልጉ።

ደረጃ 3፦ የምታድሩበትን ከፍታ መርምሩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

የከፍታ ሕመም በአብዛኛው የሚጀምረው ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። በ3,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በአንድ ትንፋሽ የምታገኙት ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ሰውነት ይህን ይለምደዋል፤ ግን ቀናት ይፈልጋል። ወሳኙ ደግሞ ቀን ላይ የነካችሁት ጫፍ ሳይሆን የተኛችሁበት ቦታ ነው። የተለመደው ምክር ይህ ነው፦ ከ3,000 ሜትር በላይ ስትሆኑ የማደሪያችሁን ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አትጨምሩ፤ በየሦስት ወይም አራት ቀኑ አንድ ቀን እረፉ። ከዚያ በታችም ቢሆን በአንድ ቀን ከቆላ ተነስቶ 2,800 ሜትር አልፎ ማደር አደጋ አለው።

የእኛ መስመር ከ3,000 በላይ አያሳድርም። ቀላል የሚያሰኘው ዋናው ነገር ይኸው ነው። ፑን ሂል ራሱ ከእንጦጦ አናት ጋር ተቀራራቢ ነው።

ወጥመዱ ጂፑ ነው። አሁን መኪና እስከ ኡሌሪ ይወጣል። ደረጃዎቹን ስለሚያስቀር «የበለጠ ቀላል» ተብሎ ይሸጣል፤ ለጉልበት እውነት ነው። ግን ጠዋት ፖካራ (820 ሜትር ገደማ) ቁርስ በልቶ፣ በጂፕ ኡሌሪ ወጥቶ፣ በእግር ቀጥሎ ማታ ጎሬፓኒ የሚያድር ሰው በአንድ ቀን 2,000 ሜትር ጨመረ ማለት ነው። ጉዞው አጠረ፤ አደጋው ግን ጨመረ። በጂፕ ከወጣችሁ ኡሌሪ (2,000 ሜትር ገደማ) እደሩ።

አሁን ወደ እናትና ልጅ። እናት የሚኖሩት አዲስ አበባ፣ 2,355 ሜትር ላይ ነው። ሰውነታቸው ግማሹን መንገድ ሄዷል። ልጅቷ የምትኖረው ባሕር ዳርቻ ላይ ነው። ራስ ምታቱን መፍራት ያለባት እሷ ነች! ወጣትነትና ጂም እዚህ አያድኑም፤ የከፍታ ሕመም ለስፖርተኛ አያዳላም። ጎንደር ወይም ደብረ ብርሃን ያደጋችሁም ብትሆኑ ዱባይ ዓመት ከተቀመጣችሁ ራሳችሁን እንደ ቆላ ሰው ቁጠሩ። ሰውነት የለመደውን ከፍታ በሳምንታት ውስጥ ይረሳል።

ደረጃ 4፦ ወሩን ከመስመሩ ጋር አገናኙ

የኔፓል የዝናብ ወቅት ከእኛ ክረምት ጋር ይገጥማል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም። ያኔ የድንጋዩ ደረጃ ይሙለጨለጫል፣ መሬት ይንሸራተታል፣ አልቅት ጫማ ውስጥ ይገባል። አልቅቱ ያስቀይማል እንጂ አይገድልም። ናዳው ግን ይገድላል። ሁለት ቀን ያለማቋረጥ ከዘነበ ተዳፋት ሥር የሚያልፍ መንገድ ላይ አትውጡ።

ጥሩው ጊዜ ጥቅምትና ኅዳር ነው፤ ሰማዩ ይጠራል። ሌላው መጋቢትና የሚያዝያ መጀመሪያ ነው፤ ላሊጉራንስ የሚሉት ቀይ አበባ ዛፍ ጫካውን ያቀላዋል። በታኅሣሥና በጥር ጎሬፓኒ ላይ በረዶ ሊኖር ይችላል። ከዴኡራሊ በኋላ ያለው ፀሐይ የማያገኘው ሸለቆም በረዶ ይይዛል። በነዚያ ወራት ጫማ ላይ የሚጠለቅ የበረዶ ጥርስ ያስፈልጋል።

ጥሩ ወር ዋስትና አይደለም። በኦክቶበር 2014 (እ.ኤ.አ.)፣ ሰው ሁሉ በሚሄድበት ወር፣ ሁድሁድ የተባለው አውሎ ነፋስ ቅሪት በዚያው በአናፑርና አካባቢ ቶሮንግ ላ በተባለው የተራራ ማለፊያ ላይ ድንገተኛ የበረዶ ወጀብ አምጥቶ ከ40 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ቶሮንግ ላ ከጫካው መስመር እጅግ ከፍ ያለ ነው፤ ቢሆንም ትንበያውን በየማታው ጠይቁ።

ለብርዱ ሒሳብ፦ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ ከ6 ዲግሪ ትንሽ በላይ ይቀንሳል። ፖካራ በቲሸርት የነበረ ሰው ፑን ሂል ላይ 15 ዲግሪ ያህል ዝቅ ብሎ ያገኘዋል፤ ያውም ከሌሊቱ 11 ሰዓት።

ደረጃ 5፦ መሬቱን ጠይቁ

ኪሎ ሜትር ስለ መሬት ምንም አይናገርም። አስጎብኚውን ወይም በቅርብ የሄደ ሰው ጠይቁ፦ መንገዱ አፈር ነው ወይስ ደረጃ? የተናደ ቦታ አለ? ድልድዮቹ ደህና ናቸው? ጉልበት የሚያመው ሰው ከዳገቱ ይልቅ ስለ ቁልቁለቱ ይጠይቅ፤ የሚያቃጥለው መውረዱ ነው። ሁለት ምርኩዝ መያዝ ጉልበት ላይ የሚያርፈውን ጫና ይቀንሳል። «የሽማግሌ ነው» ብላችሁ አትተዉት።

ደረጃ 6፦ መውጫውን ምልክት አድርጉ

ለእያንዳንዱ ማደሪያ ይህን ጥያቄ መልሱ፦ አንድ ሰው ሌሊት ቢታመም መኪና የሚገኝበት ቦታ ለመድረስ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ከጎሬፓኒ ወደ ኡሌሪ መውረድ 860 ሜትር ይቀንሳል፤ ለከፍታ ሕመም ዋናው መድኃኒት ደግሞ መውረድ ነው። ስለዚህ እዚህ ጥሩ መውጫ አለ። ታዳፓኒ ግን በሁለቱም በኩል ረጅም የእግር መንገድ ይጠይቃል። ከመኪና መንገድ ሙሉ ቀን የሚርቅ ማደሪያ ያለው ጉዞ፣ መንገዱ ሜዳ ቢሆን እንኳ፣ ለጀማሪ አልመክርም።

ደረጃ 7፦ ራሳችሁን ፈትሹ፣ ሁለት ቀን በተከታታይ

አዲስ አበባ ያላችሁ ከሽሮ ሜዳ እንጦጦ ማርያም ውጡ፣ ውረዱም። ዶሃና ዱባይ ያላችሁ ፎቅ ተጠቀሙ። አንድ ፎቅ 3 ሜትር ገደማ ነው፤ ባለ 20 ፎቅ ሕንፃ አምስት ጊዜ መውጣት 300 ሜትር ይሆናል። ቦርሳውን ተሸከሙ። በአሳንሰር አትውረዱ፤ ቁልቁለቱም ፈተና ነው።

እየወጣችሁ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻላችሁ ፍጥነቱ ልክ ነው። ትንፋሽ ከቆረጣችሁ ቀስ በሉ። ዋናው ነገር በማግስቱ መድገም ነው። አንድ ቀን ማንም ይወጣል። ሁለተኛው ቀን ላይ ጉልበቱ ካበጠ ወይም ደረጃ መውረድ ካቃተ መስመሩን አሳጥሩ። የልብ፣ የሳንባ ወይም የደም ግፊት ችግር ያለበት፣ ነፍሰ ጡርም ብትሆን፣ ሐኪም ሳያማክሩ ትኬት አይቆረጥም።

አንድ ነገር ልጨምር። አበባው የሚፈካበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከሁዳዴ ጋር ይገጥማል። ምግቡ አያስቸግርም፤ ሩዝና ምስር በየቤቱ አለ፣ «ቅቤ አታድርጉበት» ማለት ብቻ ነው። እስከ 9 ሰዓት ሳይበሉና ውኃ ሳይጠጡ 1,300 ሜትር መውጣት ግን አይሆንም። ረመዳንም ያው ነው። ከንስሐ አባታችሁ ወይም ከሼካችሁ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ወይም ወሩን ቀይሩ።

ደረጃ 8፦ አስጎብኚውን በጥያቄ ያዙት

ከኤፕሪል 2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ኔፓል የውጭ አገር ተጓዦች ፈቃድ ያለው አስጎብኚ እንዲይዙ አውጃለች። ግዴታ ባይሆን እንኳ ያዙ እላችሁ ነበር። ከመክፈላችሁ በፊት፦ የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና አለህ? ከመካከላችን አንዱ ቢታመም ማን ይዞት ይወርዳል፣ ማንስ ከሌሎቹ ጋር ይቀራል? አንድ ቀን ብንጨምር ዋጋው ስንት ነው? ለመጨረሻው ጥያቄ የሚነጫነጭ ሰው መንገድ ላይም «እንቀጥል» ነው የሚለው። እኔ አንዴ ሳልጠይቅ ሄጄ፣ ራሴን ሊፈነክተኝ የደረሰ ምታት ይዞኝ «ትንሽ ነው የቀረው» እየተባልኩ ሦስት ሰዓት ወጥቻለሁ።

ሰዓት ስትቀጣጠሩም ተጠንቀቁ። እሱ «አምስት» ሲል በእኛ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ማለቱ ነው።

ደረጃ 9፦ ወረቀቱ

ኢንሹራንሱ ውስጥ ሁለት ነገር ፈልጉ፦ የሄሊኮፕተር ማውጣትና የከፍታ ገደብ። አንዳንዱ ፖሊሲ 3,000 ሜትር ላይ ይቆማል። ፑን ሂል 3,210 ነው! ሄሊኮፕተር ከኪስ ሲከፈል በሺህ ዶላሮች ነው። በሌላ በኩል በቀላል ራስ ምታት ሄሊኮፕተር ሊጠሩላችሁ የሚቸኩሉ አይጠፉም፤ ድንገተኛ ካልሆነ መጀመሪያ ለኢንሹራንሱ ደውሉ።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ካትማንዱ ኤርፖርት ሲደርስ ቪዛ አይሰጠውም። አስቀድሞ ከኔፓል ኤምባሲ ማግኘት አለበት። የአናፑርና የመግቢያ ፈቃድም ከመነሳታችሁ በፊት ይውጣ።

ደረጃ 10፦ መመለሻ መስመራችሁን ቀድማችሁ ጻፉ

መንገድ ላይ ሆኖ መወሰን ይከብዳል፤ ገንዘብ ተከፍሏል፣ ጫፉ ይታያል። ስለዚህ ቤት ሆናችሁ ጻፉት፦

- ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ፣ ከማዞር ወይም ምግብ ከመጥላት ጋር፦ እዚያው እደሩ፣ ሽቅብ አንድ እርምጃ የለም። እየባሰ ከሄደ ውረዱ።
- ተቀምጦ ትንፋሽ ማጠር፣ መቀባዠር፣ ተረከዝን ከጣት እያገናኙ ቀጥ ብሎ መራመድ አለመቻል፦ ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ውረዱ። የታመመ ሰው ብቻውን አይወርድም።
- እስከ 6 ሰዓት ግማሹን ካልደረሳችሁ፦ ቀጥሎ ያለው መንደር አድራችሁ ቀጥሉ። በኅዳር ፀሐይ 11 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ትጠልቃለች፤ ጫካ ውስጥ ደግሞ ቀድሞ ይጨልማል።

ሕመሙ ሲጀምር አልኮልና የእንቅልፍ ክኒን አይወሰድ፤ ትንፋሽ ያዳክማሉ፣ ምልክቱንም ይሸፍናሉ።

ቦርሳ ውስጥ የሚገባው

ቀድሞ የተለማመዳችሁት የተራራ ጫማ (አዲስ ጫማ እግር ይልጣል)፣ ሁለት ምርኩዝ፣ የዝናብ ጃኬት፣ ወፍራም ሹራብ፣ ኮፍያና ጓንት ለንጋቱ፣ የግንባር ባትሪ፣ የውኃ ማከሚያ ክኒን፣ የተቅማጥና የሕመም ማስታገሻ መድኃኒት፣ ፋሻ፣ ጨው ለአልቅቱ። ውኃ የምታፈሉ ከሆነ ከ2,000 ሜትር በላይ ለ3 ደቂቃ ይንተክተክ፤ እዚያ ውኃ የሚፈላው ባነሰ ሙቀት ነው።

ሰው የሚደጋግማቸው ስሕተቶች

የበቅሎ ጭነት ሲመጣ በገደሉ በኩል መቆም። ጭነቱ ገፍቶ ይጥላል። ሁልጊዜ በተራራው በኩል ተጠግታችሁ አሳልፉ።

በመንደር ስም ብቻ መንገድ መጠየቅ። በዚህ መስመር ላይ ሁለት ባንታንቲ አለ፤ አንዱ ከኡሌሪ በላይ፣ ሌላው ወደ ታዳፓኒ ሲኬድ። «ባንታንቲ እንገናኝ» ተባብለው የተጠፋፉ አሉ።

ከቡድኑ ቀድሞ መሮጥ። ጫካው ውስጥ መንገድ ይከፈላል፣ ኔትወርክም ይቆራረጣል።

የጫካ ማር መቅመስ። እኛ ማር አይተን ማለፍ አንችልም፤ ግን ከላሊጉራንስ አበባ የሚሠራው አንዳንዱ ማር ያሰክራል፣ የልብ ምትና የደም ግፊት ይጥላል።

ለእናትና ልጅ የወጣው ዕቅድ

ሁለት ሌሊት ፖካራ። በጂፕ ኡሌሪ፣ እዚያ ማደር። በማግስቱ ያለ ጥድፊያ ጎሬፓኒ። ሦስተኛው ቀን ንጋት ፑን ሂል፣ ተመልሶ እረፍት፣ እዚያው ሁለተኛ ሌሊት። አራተኛው ቀን በመጡበት ወደ ኡሌሪና ወደ ጂፑ። ታዳፓኒ ቀረ፤ ለእናት ጉልበት ሲባል። ኡሌሪ ማደሩ የገባው ደግሞ ለልጅቷ ጭንቅላት ሲባል ነው።

ዕቅዱን ስልክላት አንድ ጥያቄ ቀርቷት ነበር። «እማዬ እንድትለማመድ ወር ቀደም ብላ ዶሃ ትምጣ?» አይሆንም። አዲስ አበባ ይቆዩ፤ እንጦጦን በሳምንት ሁለቴ ይውጡ፣ ይውረዱ። በበረራው ዋዜማ ይምጡ።